የአያ ተገኘ ሠላሳ ሦስት በጎች

ባልደረቦቼ ስለ እኔ ሲያወሩ «መምህርት ሰብለ ዘንድ ስሕተት አይገባም፤ በር ላይ ይመለሳል» ይሉ ነበር። እየቀለዱብኝ መሆኑን ባውቅም በልቤ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን የምተርከው ስሕተት ግን በር ላይ አልተመለሰም፤ ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ፊርማዬን አስፈርሞኝ ወጣ። ነገሩ የሆነው በአንድ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ኮሶዬ ላይ ነው። የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ። በጎቹ ግን በገዛ ስማቸው ተጠርተዋል።

በዚያን ጊዜ ጎንደር ከተማ ውስጥ ስታቲስቲክስ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ምሳዬን ፒያሳ፣ በአንድ ቤት፣ በአንድ ወንበር ላይ ብቻዬን እበላ ነበር። ሰው አልጠላም፤ ነገር ግን ሰው ሲያወራ «ብዙ»፣ «ጥቂት»፣ «አንዳንዴ» ስለሚል ያደክመኛል። ከቁጥር ውጭ ያለ መልስ መልስ አይደለም ብዬ ከልቤ አምን ነበር።

ከቢሮዬ ፊት ለፊት ያለው ቢሮ የዶክተር አስናቀ ነው። ዶክተር አስናቀ የእንስሳት እርባታ ሊቅ ናቸው፤ ከእኔ በጥቂት ዓመት ይበልጣሉ፤ በወጣትነታቸው ሊስፕ የተባለ የኮምፒዩተር ቋንቋ ተምረው ከዚያ ወዲህ በሌላ ቋንቋ አንድ መስመር ጽፈው አያውቁም። በሊስፕ ሁሉም ነገር በቅንፍ ውስጥ የታቀፈ ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ ሌላ ዝርዝር፣ በዚያም ውስጥ ሌላ አለ። አንድ ገጽ ላይ ከፊደል ይልቅ ቅንፍ ይበዛል።

አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሜ፣ «ዶክተር፣ ይህ ሁሉ ቅንፍ ምን ያደርግልዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ያቅፋል፤ እናት ልጇን እንደምታቅፈው።»

«የእኔ ቋንቋ አያቅፍም፤ ያሰልፋል።»

«ለዚህ እኮ ነው ቢሮዎ የሚበርደው» አሉኝና ወደ ቅንፋቸው ተመለሱ።

የእኔ ቋንቋ ለስታቲስቲክስ የተሠራ ነው፤ ሁሉን ነገር በረድፍና በዓምድ ሰድሮ ይቆጥራል፣ ያወዳድራል፣ ደረጃ ያወጣል። ስሙ አንድ የላቲን ፊደል ብቻ ነው። ያ ፊደል በአማርኛ ሲጠራ ለጨዋ ጆሮ ስለማይመች ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ «ባለ አንድ ፊደሉ» እላለሁ፤ እዚህም እንዲሁ እላለሁ።

ሁለታችንን አንድ ሥራ አገናኘን። ለኮሶዬ አካባቢ አርሶ አደሮች አሥር ምርጥ አውራ በጎች ሊታደሉ ነበር። አውራ የሚሰጠው ብዙ እናት በግ ላለው ቤት ነው፤ አንድ አውራ ብዙ እንዲያስወልድ። የዶክተሩ ፕሮግራም የትኛው መንጋ ከየትኛው አውራ እንደተዛመደ ይይዛል፤ የእኔ ድርሻ ደግሞ አርባ ስድስቱን ቤቶች በእናት በግ ብዛት በደረጃ ማስቀመጥ ነበር። ስለዚህ መረጃው ከሊስፕ ወደ ባለ አንድ ፊደሉ መሻገር ነበረበት። አሻጋሪው አንዲት ፍላሽ ነበረች። እሳቸው ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጧታል፣ እኔም ጠረጴዛቸው ላይ እመልሳታለሁ፤ ብዙም አንነጋገርም ነበር።

አንድ ነገር ላስቀድም። በዚያ አገር ሰው የከብቱን ቁጥር አይናገርም። የተቆጠረ ነገር ዓይን ይገባበታል። «ስንት በግ አለዎት?» ሲባል «ይመስገነው» ይላል፤ ንግግሩም በዚሁ ያበቃል። እኔም ይህን የተረዳሁት መረጃ ሰብሳቢዎቹን ተከትዬ አንድ ቀን የወጣሁ ጊዜ ወይዘሮ ጥሩ ቤት ነው። ወይዘሮ ጥሩ ባሏ የሞተባት ናት፤ በዕድሜ እኩያዬ። አውራ በጓን ጅብ በልቶባት መንጋዋ በሙሉ ያለ አባት ቀርቷል። የጎረቤት አውራ ብትለምን «ነገ» እያሏት ወቅቱ እያለፈ ነበር። አውራ ካላገኘች የከርሞ ግልገል የላትም።

«ቁጥሩን ካልነገሩኝ በደረጃው ውስጥ አይገቡም» አልኳት።

«ከተናገርኩስ በጎቼ ይተርፋሉ?»

ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳኋት። ወረቀት ዓይን የለውም አልኩ። ከእኔ በቀር ማንም አያየውም አልኩ። በመጨረሻ በሩን ዘጋች፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ሠላሳ አራት» አለችና መሬት ላይ ሦስት ጊዜ እትፍ፣ እትፍ፣ እትፍ አለች። «እታለም፣ ከዚህ በኋላ የሚሆነው በአንቺ ይሁን» አለችኝ። እኔም «በእኔ ይሁን» አልኩ። እንዲህ ያለ ቃል በሕይወቴ ሰጥቼ አላውቅም ነበር።

የዕደላው ቀን ማለዳ ዶክተር አስናቀ ፍላሿን አመጡልኝ። ቅንፎቹን ገፍፌ መረጃውን በረድፍና በዓምድ አሰለፍኩት። ባለ አንድ ፊደሉ የእናት በጉን ዓምድ እንደ ቃል እንጂ እንደ ቁጥር አልያዘውም። ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ «ቁጥር አድርገው» ብዬ አዘዝኩት። ሳያጉረመርም አደረገው። ባዶ ቦታ እንዳለ ፈተሽኩ፤ አንድም የለም። ትልቁ ቁጥር ሠላሳ ሦስት፣ ትንሹ አንድ ነበር፤ ለበግ የሚመች ቁጥር ነው። በጆሮዬ የሰማሁት ሠላሳ አራት ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም። ደረጃውን ከነቁጥሩ አትሜ ከግርጌው «ተረጋግጧል» ብዬ ፈረምኩ።

ኮሶዬ ስንደርስ ብርድ ነበር። አሥሩ አውራ በጎች በአይሱዙ መጥተው ከገበሬዎች ማሰልጠኛው አጥር ውስጥ ወርደዋል፤ ሕዝቡ ጋቢውን ደርቦ ተሰብስቧል። እኔ ያሰብኩት የአሥሩን ስም ብቻ ላነብ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ግን «እሱ የእኔ ሥራ ነው» ብለው ወረቀቱን ከእጄ ተቀበሉና ጉሮሯቸውን አጸዱ።

«አንደኛ! አያ ተገኘ! ሠላሳ ሦስት እናት በግ!»

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ቁጥሩ ጮክ ተብሎ በመነበቡ የደነገጠ መስሎኝ እኔም ደነገጥኩ። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ሌላ፤ ቀጥሎ መላው ሕዝብ። አያ ተገኘ ለካ ቀፎ ሰቃይ ናቸው። ንብ እንጂ በግ ኖሯቸው አያውቅም።

«አያ ተገኘ፣ የት ደብቀሃቸው ነው?»

«ከንቦቹ ጋር ቀፎ ውስጥ ነዋ!»

አያ ተገኘ ግን አልሳቁም። ወረቀቱን፣ ሊቀመንበሩን፣ እኔን በየተራ አዩና «ማኅተም አለው?» ብለው ጠየቁ።

«ፊርማ አለው» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እንግዲያማ ይኖሩኛል» አሉና ሄደው ትልቁን አውራ በቀንዱ ያዙት።

ሚስታቸው ከሴቶቹ መካከል ተነሡ። «አንተ! ሠላሳ ሦስት በግ ይዘህ ነው እኔ ከየጎረቤቱ የበግ ጠጉር እየለመንኩ ለባና ልብስ የምፈትለው?»

«ዝም በይ፣ እኔም ገና መስማቴ ነው!»

ሊቀመንበሩ ቀጠሉ። ሁለተኛው ሦስት በግ ያላቸው ቄስ ነበሩ፤ ሠላሳ ሦስት ተባለላቸው። እንዲህ እያለ አሥሩም አለቀ፤ የወይዘሮ ጥሩ ስም አልተጠራም። ሊቀመንበሩ ማንበብ ወደው ኖሮ ከአሥሩ በታች ያሉትንም ቀጠሉ፤ ከብዙ ስም በኋላ «ወይዘሮ ጥሩ፣ ሃያ ሁለት!» አሉ።

ወይዘሮ ጥሩ ብድግ አለች። ፊቷ ዓመድ መስሏል። «ሃያ ሁለት? አሥራ ሁለቱስ?» ብላ ጮኸች፤ ወዲያውም አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ዘግይቷል። ሃያ ሁለትና አሥራ ሁለት መደመር የማይችል ሰው እዚያ አልነበረም።

ወደ እኔ መጣች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ በተሻለኝ። «እታለም፣ ጠዋት ሳሰማራቸው ሁሉም ነበሩ። አሥራ ሁለቱን ምን በላብኝ? በጆሮሽ የነገርኩሽን ቁጥር ምን አደረግሽው?»

«ወይዘሮ ጥሩ፣ በጎችዎ አልጠፉም። የጠፋው... ቆይ እስኪ፣ ላጣራ።»

«ዝም ያለው ሁሉ አውራ ይዞ ሲሄድ የተናገርኩት እኔ ባዶ እጄን?»

ላፕቶፔን በመጣንበት ፒክ አፕ አፍንጫ ላይ ዘረጋሁ። ዶክተር አስናቀ መጥተው ከጎኔ ቆሙና የራሳቸውን ኮምፒዩተር ከፈቱ። የሳቸውን ቅንፎች በጥሞና ሳነብ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ከአያ ተገኘ ስም ቀጥሎ፣ ቁጥር ሊኖር በሚገባው ቦታ፣ በቅንፍ ታቅፎ እንዲህ ይላል፦ ይመስገነው።

«ዶክተር፣ ይህ ምንድን ነው?»

«መልሳቸው ነዋ። ሰው የተናገረውን ነው የጻፍኩት።»

«ቁጥር በሚገባበት ቦታ ምስጋና?»

«ሊስፕ ምስጋና አይከለክልም።»

«የእኔም አልከለከለም! መከልከል ነበረበት!»

አንባቢዬ፣ የሆነውን በቀላሉ ላስረዳ። በትምህርት ቤት የስም ጥሪ ተራ ቁጥር እንዴት እንደሚወጣ ታስታውሳላችሁ፤ ስሞች በፊደል ተራ ይደረደሩና አንድ፣ ሁለት እየተባለ ይሰጣል። ባለ አንድ ፊደሉም በዓምዱ ውስጥ ቃል ሲያይ ሁሉንም ቃል አድርጎ፣ መልሶቹን በፊደል ተራ ደርድሮ ተራ ቁጥር ሰጥቷቸዋል። እኔ «ቁጥር አድርገው» ስለው የሰጠኝ ይህን ተራ ቁጥር ነው። እንደ ቃል ከተደረደረ «34» ከ«4» ይቀድማል፤ ስለዚህ የወይዘሮ ጥሩ ሠላሳ አራት ሃያ ሁለተኛ ቦታ ይዞ፣ አራት በግ ያለው ሰው ሃያ ሦስተኛ ሆነ። አማርኛው ደግሞ ከቁጥሮቹ ሁሉ ኋላ ይሰለፋል። «ምን ይጠፋል»፣ «ሸጋ ናቸው»፣ «አሉ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን»፤ ከሁሉም መጨረሻ በ«ይ» የሚጀምረው «ይመስገነው»፣ ሠላሳ ሦስተኛ። ያረጋገጥኩት፣ የፈረምኩበትም፣ የምስጋናን ተራ ቁጥር ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት «እርስዎ» ስንባባል የኖርን ሰዎች ነን። ዶክተር አስናቀ ግን ዞር ብለው «ሰብለ፣ አሁን ምን ልታደርጊ ነው?» አሉኝ። «አንቺ» ማለታቸውን እንኳ ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው።

ሕዝቡ ፊት ወጣሁ። ከተማሪ ፊት እንጂ ከሕዝብ ፊት ቆሜ አላውቅም። «የተነበበው ሁሉ ስሕተት ነው። ስሕተቱም የእኔ ነው። አውራዎቹ ይመለሱ» አልኩ።

አያ ተገኘ ቀንዱን አልለቀቁም። «ምነው እታለም፣ ሰጥታችሁ ሳታበቁ? ደግሞ ለምደነዋል።»

«ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላዎትም።»

«ስም አውጥቼለታለሁ!»

ሊቀመንበሩ ፊርማዬ ያለበትን ወረቀት ሊያሳዩኝ ዞር አሉ። ወረቀቱን አስቀምጠውበት ከነበረው ድንጋይ አጠገብ አንዱ አውራ በግ ቆሞ ያኝካል። «ተረጋግጧል» የሚለው ቃል ከነፊርማዬ ወደ ሆዱ ሲወርድ አየሁ። በሕይወቴ አንድ ሰነድ በመጥፋቱ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ሸጋ» አሉ ሊቀመንበሩ በረጅሙ ተንፍሰው። «እንግዲህ እያንዳንድህ ተነሥተህ ቁጥርህን ተናገር፤ እንገላገል።»

ማንም አልተነሣም። ቄሱ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። አንዱ «ይመስገነው» አለ፤ ሌሎቹም እየተቀባበሉ አሉ። ወይዘሮ ጥሩን አየኋት። «እኔን ደግመሽ እንዳትጠይቂኝ» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

አሽከርካሪው የአይሱዙው ኪራይ እስከ አሥር ሰዓት ብቻ መሆኑን አስታወሰን። በዚያ ቀን ካልታደሉ አውራዎቹ ተመልሰው ይጫናሉ፤ ሁለተኛ ጊዜ ይመጣሉ ብሎ ያመነ ሰው አልነበረም። ለወይዘሮ ጥሩ ግን ሁለተኛ ጊዜ ቢመጡም ወቅቱ ያልፋል። ቃል የሰጠሁት «በእኔ ይሁን» ብዬ ነው፤ እነሆም በእኔ ሆነ።

በዚህ መካከል ዶክተር አስናቀ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም፤ ከአጥሩ ማዶ ስለምትግጥ አንዲት ነጭ በግ ነበር ወሬው።

«ይህች የማን ልጅ ናት አያ?»

«ይህችማ የነጮ የልጅ ልጅ ናት» አሉ ሽማግሌው ፊታቸው እየበራ። «ነጮ ዳለቻንና ቡላን ወለደች። ዳለቻ መንታ ወለደች፤ ጥቁሬንና ይህችን ቀዥቃዣ። ቡላ ደግሞ መካን ነች ሲሏት ቦራን ወለደች...»

አያቆሙም። የዶክተሩ ጣቶችም አያቆሙም፤ ቅንፍ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ነጮን ያቅፋሉ፣ በነጮ ውስጥ ዳለቻን፣ በዳለቻ ውስጥ መንታዎቹን። ሽማግሌው አንድም ቁጥር አልተናገሩም። የትውልድ ሐረግ ነው የቆጠሩት፤ ትውልድ መቁጠር ደግሞ በዚያ አገር ክብር እንጂ ነውር አይደለም። አንገቴን አስግጌ ስክሪኑን አየሁ። የሽማግሌው መንጋ ሙሉ በሙሉ እዚያ ነበር።

«አስናቀ!» አልኩ። ማዕረጋቸውን ጥዬዋለሁ። «ሊስፑ በውስጥ ያሉትን እናት በጎች መቁጠር ይችላል?»

«በአንድ መስመር።»

«ሳይናገር?»

«ኮምፒዩተር ነው እኮ ሰብለ፤ ካልጠየቅሽው ምን ይናገራል?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ካላያችሁት ለማመን ይከብዳችኋል። ጠዋት አንድ ቁጥር ማውጣት የነውር ያህል የከበደው ሕዝብ ተሰለፈ። ተራው የደረሰው ሁሉ የበጎቹን ዘር ማንዘር ያወርዳል። አንዱ ሲሳሳት ጎረቤቱ «ኧረ እሷ የቦራ የእኅት ልጅ ናት!» ብሎ ያርማል። ቄሱ የሦስቱን በጎቻቸውን ትውልድ በዜማ ሊያደርጉት ምንም አልቀራቸውም። ወይዘሮ ጥሩ በተራዋ ቀረበችና ዓይኗን ጨፍና ከእናቷ የወረሰቻትን ጠይም በግ ጀምራ እስከ መጨረሻዋ እናት በግ ተረከች። ዶክተሩ በመጨረሻ ብዙ ቅንፍ በተርታ ሲዘጉ «ይህ ሁሉ ምንድን ነው?» አለቻቸው።

«በር ነው፤ በረቶችሽን እየዘጋሁልሽ ነው።»

«ሸጋ፤ ጅብ እንዳይገባ ደህና አድርገህ ዝጋው።»

ፍላሿ እጅ በእጅ መጣችልኝ። በዚህ ጊዜ ዓምዱ ንጹሕ ቁጥር መሆኑን ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩ። ደረጃውን አወጣሁ፤ ስም ብቻ ጻፍኩ። ከመስጠቴ በፊት ረድፎቹን ስቆጥር አርባ አምስት ሆኑ። አርባ ስድስት ነበር መሆን ያለባቸው።

«አንድ ቤት ጎድሏል» አልኩ።

ዝርዝሩን ከሕዝቡ ጋር ስናመሳክር አያ ተገኘ እጃቸውን አወጡ። «የእኔ ስም አልተጠራም።»

ፈለግሁ። የሉም። ከነቤታቸው የሉም። በግ ስለሌላቸው ዶክተሩ ባዶ ቅንፍ ጽፈውላቸው ነበር፤ ባለ አንድ ፊደሉ ደግሞ ባዶ ዝርዝር ሲመጣለት ረድፍ ሳይሰጥ ያልፈዋል።

«በሊስፕ ባዶ ዝርዝርም ዝርዝር ነው» አሉ ዶክተር አስናቀ እየተመጻደቁ።

«በእኔ ዘንድ የሌለ ነገር ሰልፍ አይቆምም።»

«እኔኮ ቆሜያለሁ!» አሉ አያ ተገኘ። «ጠዋት ባለ ሠላሳ ሦስት አደረጋችሁኝ፤ አሁን ደግሞ ጭራሽ አልተፈጠርክም አላችሁኝ! በመካከል የሆነ ነገር የላችሁም?»

ሚስታቸው «እኔስ የማን ሚስት ልባል ነው?» ብለው ሕዝቡን እንደገና አሳቁት። አያ ተገኘን በእጄ፣ በአርባ ስድስተኛው ረድፍ፣ ከዜሮ ጋር አስገባኋቸው። ስማቸው መጻፉን በዓይናቸው አይተው ካረጋገጡ በኋላ አውራውን ለቀቁ።

ሊቀመንበሩ ስም ብቻ አነበቡ። የመጀመሪያው ስም የወይዘሮ ጥሩ ነበር። ማንም አልሳቀም፤ ማንም አልተከራከረም። ዘሩን ሁሉም ሰምቶታል። ትልቁን አውራ ሰጧት፤ አውራው ግን አልሄድም ብሎ እግሩን ተከለ። በመጨረሻ ዶክተር አስናቀ ከነኮታቸው ከኋላ እየገፉት፣ እኔ ከፊት በገመድ እየሳብኩት፣ ወይዘሮ ጥሩ ከጎን እየመረቀችን ቤቷ ድረስ ወሰድነው። አይሱዙው አሥር ሰዓት ሳይሞላ ባዶውን ተመለሰ።

አንባቢዬ፣ ያ ቀን ምን ለወጠብሽ ብትሉኝ፣ ከሁሉ በፊት ሥራዬን ለወጠው። እኔና አስናቀ ከሊስፕ ወደ ባለ አንድ ፊደሉ የሚያሻግር ትንሽ ፕሮግራም አብረን ጻፍን። ቃል ቁጥር መስሎ እንዳያልፍ ይጠብቃል፤ ባዶ ዝርዝር ያለው ቤትም ረድፉን እንዳያጣ ያደርጋል። ከመጠይቆቻችን ላይ «ስንት» የሚለውን ሰርዘን «እነማን» ብለናል። ምሳዬንም ብቻዬን አልበላም፤ ፊት ለፊቴ አንድ ሰው ተቀምጦ ስለ ቅንፍ ያደርቀኛል፣ እኔም ስለ ዓምድ አደርቀዋለሁ። «አንተ» ነው የምለው።

ከዚህ ሌላ እስከ ዛሬ ለአስናቀ እንኳ ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። ከሰዓት በኋላ ደረጃውን ሳወጣ የወይዘሮ ጥሩን ቁጥር በስክሪኑ ላይ አይቼዋለሁ። ሠላሳ አራት አልነበረም። በሩን ዘግታ፣ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ «በአንቺ ይሁን» ብላ ስትነግረኝ እንኳ ከእኔም ያስቀረቻቸው ነበሩ። ቀና ስል ወይዘሮ ጥሩ ትኩር ብላ ታየኝ ነበር። ማየቴን አወቀች። የድሮዋ ሰብለ ብትሆን ልዩነቱን በቀይ አስምራ «ይታረም» ትል ነበር። እኔ ግን ኮምፒዩተሩን ዘጋሁት።

ስንት ነበሩ እንዳትሉኝ።